«ሸምዕ»፣ ሰም እና ሻማ፦ የአንድ ቃል ጉዞና ለመምህራን ያለው ፋይዳ

መግቢያ

በዐረብኛ ፊደል «ሲን» እና «ሺን» የሚለያዩት በሦስት ነጥቦች ብቻ ነው። «ሰሚዐ» ስንል ሰማ ማለታችን ነው፤ ነጥቦቹን ጨምረን «ሸምዕ» ስንል ደግሞ ሰም ማለታችን ነው። አማርኛ ተናጋሪ ደረሳ ይህን ሲሰማ መገረሙ አይቀርም፤ በእርሱ አፍ «ሰማ» እና «ሰም» የሚጀምሩት በአንድ ድምፅ ነውና። ቀጥሎም «ሻማስ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። አንዳንዱ መምህር «ሰምም ሻማም ከዐረብኛ የመጡ ናቸው» ብሎ ያልፋል፤ ሌላው ደግሞ «ሁለቱም የራሳችን ናቸው፤ ዐረብኛና አማርኛ እኅትማማች ስለሆኑ ይመሳሰላሉ» ይላል። ሁለቱም መልሶች ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ግማሽ እውነት ደግሞ በትምህርት ቤትም ሆነ በሚንበር ላይ ሙሉ ስሕተት የሚያስከትልበት ጊዜ አለ።

በዚህ ጽሑፍ «ሸምዕ» የተባለውን ቃል ከዐረብኛ መዛግብተ ቃላት አንሥተን፣ በገበያና በመርከብ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች እንዴት እንደተጓዘ እንከተላለን። ዓላማችን አንድ ነጥብ ግልጽ ማድረግ ነው፦ በዘር የተወረሰ ቃልና በመንገድ የመጣ ቃል የየራሳቸው ምልክት አላቸው፤ ምልክቱን የሚያውቅ መምህር የቁርኣንን ቃላት ታሪክም በሚዛኑ ማስተማር ይችላል።

ቃሉ በዐረብኛ መዛግብት

ኢብኑ መንዙር (በ711 ዓ.ሂ. የሞቱት) በታላቁ መዝገበ ቃላታቸው በ«ሊሳኑል ዐረብ» ቃሉን በሁለት አነባበብ አስፍረውታል፦ «ሸመዕ» እና «ሸምዕ»። ትርጉሙም ለመብራት የሚያገለግለው የማር ሰም ነው። ከነዚህ ከሁለቱ የትኛው ንጹሕ ዐረብኛ ነው የሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱን አከራክሯል። የኩፋው ሊቅ አል‐ፈራእ (በ207 ዓ.ሂ. የሞቱት) የዐረቦች አነጋገር «ሸመዕ» መሆኑን ገልጸው፣ ሚሙን በሱኩን አድርጎ «ሸምዕ» ማለት የኋለኞቹ፣ ማለትም የ«ሙወለዱን» ልማድ ነው ብለዋል። የአንዳሉሱ ኢብኑ ሲደህ (በ458 ዓ.ሂ. የሞቱት) ግን ይህን አልተቀበሉትም፤ ሁለቱም አነባበቦች ፈሲሕ ናቸው ብለዋል። ወደ ሌሎች ቋንቋዎች የተሻገረው በብዛት አል‐ፈራእ የነቀፉት «ሸምዕ» መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ቃላትን ከአገር ወደ አገር የሚያሻግሩት ነጋዴዎችና ተጓዦች እንጂ የሰዋስው ሊቃውንት አይደሉምና።

ሌላም የሚያስተምር ነገር አለ። መዝገበ ቃላቱ «ሸምዕ»ን ሲፈታ «ሙሙል ዐሰል»፣ የማር «ሙም» ይለዋል። «ሙም» ደግሞ ከፋርስኛ የመጣ ቃል ነው። ስለዚህ ዐረባዊው ቃል የተፈታው በውሰት ቃል ነው። ፋርስኛ በበኩሉ ኋላ ላይ «ሸምዕ»ን ከዐረብኛ ወሰደ። ሁለቱ ቋንቋዎች ስለ አንድ ነገር ተበዳደሩ ማለት ነው።

«ሸምዕ» በዐረብኛ የጅምላ ስም ነው፤ ሰምን በአጠቃላይ ያመለክታል። አንዷን ነጠላ ለማለት ታእ መርቡጣ ተጨምሮ «ሸምዓ» ይባላል፤ አንድ ሻማ ማለት ነው። ይህ ትንሽ የሰዋስው ልዩነት ለቀጣዩ ክርክራችን ዋና ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ እንዲይዘው እንጠይቃለን።

ሰም እና ሻማ በአገራችን ቋንቋዎች

በግዕዝ ሰም «ሠምዕ» ይባላል፤ በእሳቱ «ሰ»ም ተጽፎ ይገኛል። በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ በተተረጎመው መዝሙረ ዳዊት፣ ሰም በእሳት ፊት እንደሚቀልጥ በሚነገርባቸው ስፍራዎች ቃሉ አለ። ይህ ማለት ቃሉ ከሂጅራ በፊት በሐበሻ ምድር ይታወቅ ነበር ማለት ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን በማጣቱ «ዕ» ወድቃ «ሰም» ቀረ፤ ትግርኛ ግን ድምፁን ጠብቆ «ሰምዒ» ይላል።

የድምፁ ዝምድናም ሥርዓት አለው። በዐረብኛ «ሺን» ያለባቸው የጥንት የጋራ ቃላት በግዕዝ በንጉሡ «ሠ» ይገኛሉ። «ዐሽር» ዐሥር ነው፤ «መሽሪቅ» ምሥራቅ ነው፤ ጠጉር የሚባለው «ሸዕር» በግዕዝ «ሥዕርት» ነው። «ሸምዕ» እና «ሠምዕ»ም በዚሁ መስመር ላይ ይቆማሉ። በአንጻሩ በዐረብኛ «ሲን» ያለባቸው ቃላት በግዕዝ በእሳቱ «ሰ» ይጻፋሉ፦ «ነፍስ» ነፍስ፣ «ረእስ» ርእስ፣ «ሰሚዐ» ሰምዐ። እንግዲህ የአላህ ስም በሆነው «አስ‐ሰሚዕ» ውስጥ ያለው ሥርና አማርኛው «ሰማ» አንድ ወገን ናቸው፤ «ሸምዕ» እና «ሰም» ደግሞ ሌላ ወገን። በአማርኛ የሁለቱ «ሰ» አነባበብ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ በጆሮ አይታወቅም እንጂ፣ ዐረብኛው እስከ ዛሬ በነጥብ ለይቶ ይዞታል።

«ሻማ» ግን በዚህ መስመር ላይ አይገኝም። ውሰት መሆኑን የሚመሰክሩ ሦስት ምልክቶች አሉት። አንደኛ፣ «ሽ» ድምፅ እንዳለ ተቀምጧል፤ የጥንት ዘመድ ቢሆን ኖሮ እንደ ዐሥርና እንደ ምሥራቅ «ስ» ሆኖ እናገኘው ነበር። ሁለተኛ፣ መጨረሻው «ማ» ነው፤ ይህም የነጠላው የ«ሸምዓ» ታእ መርቡጣ ቅሪት ነው። የተወሰደው የጅምላው ስም ሳይሆን የአንዷ ሻማ ስም መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ሦስተኛ፣ ትርጉሙ ጠባብ ነው፤ ሻማ በክር ዙሪያ የተሠራው የሚበራው ዕቃ እንጂ በቀፎ ውስጥ ያለው ሰም አይደለም። ትግርኛም እንዲሁ «ሰምዒ»ን ለሰም፣ «ሽምዓ»ን ለሻማ ለይቶ ይጠቀማል። ከአንድ የጥንት ሥር የወጡ ሁለት ቃላት፣ አንዱ በዘር፣ አንዱ በንግድ መጥተው በአንድ ቤት ተገናኙ ማለት ነው።

ይህ ለምን ሆነ? ሰም ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አልነበረም። ንብ አናቢው ማሩን ሲያጣራ ሰሙን ያወጣል፤ አንጥረኛው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ቀርጾ፣ በሸክላ አልብሶ፣ ሰሙን አቅልጦ ካወጣ በኋላ በስፍራው ወርቁን ያፈስሳል። «ሰምና ወርቅ» የሚለው የቅኔ ስያሜም ከዚህ ሙያ የተወሰደ ነው። በክር ላይ ሰም የተለበጠበት ጧፍም የቆየ መብራት ነው። ሰም ከወርቅ፣ ከዝሆን ጥርስ፣ ከዝባድና ከቡና ጋር በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወደ ውጭ የሚላክ ሸቀጥ ነበር፤ በዚህም ንግድ የጀበርቲ ነጋዴዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ስለዚህ ሰም ከእኛ ወጣ፤ ተሠርቶ የሚሸጠው ዕቃ ደግሞ ስሙን ይዞ በገበያ በኩል ገባ። ሱቅ፣ ሳሙና እና ፋኖስም ከዐረብኛ በዚሁ መንገድ የገቡ የገበያና የቤት ዕቃ ቃላት መሆናቸው ነገሩን ያጠናክረዋል።

ሻማው የተሸጠባቸው ከተሞች

ዕቃው ስሙን ይዞ የወጣባቸው ከተሞች የታወቁ ናቸው። በካይሮ፣ ከአል‐አቅመር መስጂድ አጠገብ፣ «ሱቀ ሸማዒን» የሚባል የሻማ ሻጮች ገበያ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው አል‐መቅሪዚ (በ845 ዓ.ሂ. የሞቱት) «አል‐ኺጠጥ» በተባለው መጽሐፋቸው እንደሚነግሩን፣ ይህ ገበያ በረመዷን ወር ከፍተኛ ግብይት ነበረው። እያንዳንዳቸው እስከ 10 ረጥል የሚመዝኑ የሰልፍ ሻማዎች ይሸጡ ይከራዩም ነበር፤ 1 ቂንጣርና ከዚያ በላይ የሚመዝኑ፣ በጋሪ የሚጎተቱ ሻማዎችም ነበሩ። ይህ ሁሉ ልጆችን አጅቦ ወደ ተራዊሕ ሶላት ለመውሰድ ነበር። ሻማ በዚያ ዘመን የቤት መብራት ብቻ ሳይሆን የበዓልና የክብር ዕቃ እንደነበር ከዚህ እንረዳለን።

በቱኒስም የሻማ ሠሪዎች ገበያ ስሙን ለትምህርት ቤት አውርሷል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐፍሲዩ ገዥ በአቡ ዘከሪያ የተመሠረተው መድረሳ «አሽ‐ሸማዒያህ» የሚባለው በአጠገቡ በነበረው በዚህ ገበያ ነው። በሰሜን አፍሪካ ከተመሠረቱት መድረሳዎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ስሙን ከሱልጣን ወይም ከሊቅ ሳይሆን ከሻማ ሠሪዎች ማግኘቱ ለመምህራን ደስ የሚል ዜና ነው።

ከቱኒስ በስተ ምዕራብ፣ በአልጄሪያ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ቢጃያ የምትባል ወደብ አለች። አውሮፓውያን በመካከለኛው ዘመን ሰምን በብዛት የሚገዙት ከእርሷ ነበር። ፈረንሳዮች ሻማን «ቡዢ» የሚሉት በዚህች ከተማ ስም ነው። እዚህ ላይ የሄደው «ሸምዕ» የተባለው ቃል አይደለም፤ ሸቀጡ የመጣበት ከተማ ስም ራሱ የሸቀጡ ስም ሆነ። የፒዛው ሊዮናርዶ ፊቦናቺ የሕንድን ቁጥሮች በልጅነቱ የተማረው በዚችው ከተማ ነበር፤ በ1202 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፉም ለአገሩ ሰዎች አስተማረ። ሰምና ቁጥር ከአንድ ወደብ ተጫኑ ማለት ነው።

ቃሉ በሌሎች ቋንቋዎች

ከዐረብኛ ተናጋሪ አገሮች ውጭ ወደ ምሥራቅ ስንሻገር፣ ፋርስኛ «ሙም»ን ለሰም ጠብቆ «ሸምዕ»ን ለሻማ ወሰደ። የእኛ የሰምና የሻማ ልዩነት እዚያም አለ። ወደ ደቡብ ስንወርድ፣ ስዋሂሊ የራሱ የባንቱ ቃል የሆነውን «ንታ»ን ለሰም ይዞ፣ ሻማን «ምሹማ» ይለዋል። የዐረብኛውን ቃል ወስዶ የራሱን የስም መነሻ «ም» ጨመረበት፤ ሲበዛም «ሚሹማ» ይሆናል። ሦስት የማይዛመዱ የቋንቋ ቤተሰቦች፣ ማለትም ፋርስኛ፣ ስዋሂሊ እና የሐበሻ ቋንቋዎች፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ አንድ ዓይነት ነገር አደረጉ፦ ሰሙን በአገር ቃል፣ ሻማውን በዐረብኛ ቃል ጠሩ። ንብ በየአገሩ አለች፤ ሻማ ግን ሙያና ገበያ ይፈልጋል።

ሁሉም ቋንቋ ግን ይህን መንገድ አልተከተለም። ቱርክኛ ሰምንም ሻማንም በፋርስኛው ቃል «ሙም» ይላል። ከ«ሸምዕ» የወሰደው የሻማ መቆሚያውን ስም ነው፤ «ሻምዳን» ይለዋል። ቃሉ «ሸምዕ» እና መያዣ የሚል ትርጉም ያለው የፋርስኛ «ዳን» ተጣምረው የተሠራ ነው። በቱርክኛ ደማስቆ «ሻም» ስለምትባልና «‐ዳን» ደግሞ «ከ» የሚል ትርጉም ያለው መድረሻ ስለሆነ፣ ቃሉን «ከደማስቆ የመጣ» ብሎ ለመፍታት በጣም ቀላል ነው። ነገር ግን ፍቺው ከእውነት የራቀ ነው። ቃሉ በኦስማኖች ዘመን ወደ አልባንያና ወደ ሰርቢያ፣ በሌላ በኩልም ወደ ጆርጂያና ወደ ሩሲያ ተጉዟል፤ ሩሲያውያን «ሻንዳል» ይሉታል።

ከዚሁ ሥር የወጣው «ሙሸመዕ»፣ በሰም የተነከረ ማለት ነው፤ ውሃ የማያስገባው ጨርቅ ስም ሆነ። ቱርኮች «ሙሻምባ»፣ ግሪኮች «ሙሳማስ»፣ ሮማንያውያን «ሙሻማ» ይሉታል። ግሪክኛ «ሽ» ድምፅ ስለሌለው «ስ» አደረገው። የውሰት ቃል የአዲሱን ቤት ሥርዓት እንደሚቀበል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

በሕንድ ክፍለ አህጉር ኡርዱ ተናጋሪው ለዕለት ተዕለት ሻማውን «ሞምበቲ» ይለዋል፤ የ«ሙም» ክር ማለት ነው። «ሸምዕ» የተቀመጠው ለግጥምና ለከፍተኛ አነጋገር ነው። ይህም ከፋርስ ባለቅኔዎች የተወረሰ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲሥ ሰዎችን ወደ እሳት በሚወድቁ የእሳት ራቶች መስለው፣ እርሳቸው ግን ከእሳቱ እንደሚይዟቸው አስጠንቅቀዋል። እንደ ፈሪዱዲን ዐጣር ባሉት የፋርስ ባለቅኔዎች ዘንድ የእሳት ራቱና «ሸምዕ» የፍቅር ምሳሌ ሆነዋል። ምስሉ አንድ ሆኖ መልእክቱ ተለውጧል፤ ለተማሪ ይህን ለይቶ ማሳየት የመምህር ድርሻ ነው።

ከእኛ ወገን የሄደው ቃል

እስካሁን ያየነው ከዐረብኛ የወጣውን ቃል ነው። የመብራት ቃላት ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልተጓዙም። «ሸምዕ» በቁርኣን ውስጥ የለም። ቁርኣን የሚጠቅሳቸው ሲራጅ፣ ሚስባሕ እና ኑር ናቸው፤ በሱረቱ‐ን‐ኑር 35ኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ መብራቱ ያለው በብርጭቆ ውስጥ፣ ዘይቱ የወይራ፣ ስፍራው «ሚሽካት» ነው።

ስለ «ሚሽካት» ከቀደምት ሊቃውንት የተላለፈልን ቃል ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። ኢማም ቡኻሪ በሶሒሓቸው በተፍሲር ክፍል ከሰዕድ ኢብኑ ዒያድ፣ ሱዩጢ (849–911 ዓ.ሂ.) ደግሞ «አል‐ኢትቃን» በተባለው መጽሐፋቸው ከሙጃሂድ፣ «ሚሽካት» በሐበሾች ቋንቋ በግድግዳ ላይ ያለ ክፍተት መሆኑን አስተላልፈዋል። አማርኛ አንባቢ ቃሉን በየቀኑ ይጠቀምበታል፤ መስኮት ነው። የሐበሻ ቃል በመዲና መሰማቱ እንግዳ ነገር አልነበረም። በሐበሻ ስደት ላይ ሳሉ ከተወለዱት ልጆች አንዷ ለሆነችው ለኡሙ ኻሊድ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለለበሰችው ልብስ «ሰናህ» ማለታቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ቃሉ በሐበሻ ቋንቋ መልካም ማለት ነው፤ ግዕዙ «ሠናይ» ይለዋል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ትልቅ ጥያቄ አለ። ቁርኣን በግልጽ ዐረብኛ ቋንቋ እንደወረደ አላህ ተናግሯል፤ ታዲያ የሐበሻ ቃል እንዴት ይገኝበታል? ኢማም ሻፊዒይ (በ204 ዓ.ሂ. የሞቱት) «አር‐ሪሳላህ» ውስጥ በቁርኣን ውስጥ ከዐረብኛ ውጭ የሆነ ነገር የለም ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል፤ አቡ ዑበይዳም እንዲሁ። ሌሎች ከኢብኑ ዐባስና ከተማሪዎቻቸው የተላለፉትን ዘገባዎች ይዘው ቃላቱን ለየምንጫቸው ሰጥተዋል። አቡ ዑበይድ አል‐ቃሲም ኢብኑ ሰላም (በ224 ዓ.ሂ. የሞቱት) ሁለቱን አስታረቁ። ቃላቱ በመነሻቸው የሌሎች ናቸው፤ ነገር ግን ዐረቦች ወስደው በአንደበታቸው ቀርጸው የራሳቸው ካደረጓቸው በኋላ ቁርኣን ወረደ። ስለዚህ መነሻቸውን የተናገረም፣ ዐረብኛ ናቸው ያለም ሁለቱም እውነት ተናገረ።

ይህ ሚዛን ለ«ሻማ»ም ይሠራል። መነሻው ዐረብኛ ነው፤ አማርኛ «ዕ»ን ጥሎ፣ በራሱ አንደበት ቀርጾ፣ «ሻማዎች» ብሎ አብዝቶ ሲጠቀምበት አማርኛ ሆኗል። «ሚሽካት» መነሻው ሐበሻ ስለሆነ ዐረብኛነቱ እንደማይቀንስ ሁሉ፣ «ሻማ» መነሻው ዐረብኛ ስለሆነ አማርኛነቱ አይቀንስም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ጥናት ለመድረሳና ለመስጂድ ሦስት ነገሮችን እናስገነዝባለን።

የመጀመሪያው፣ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አለመሆኑ ነው። «ሻማ» ከምንለብሰው «ሸማ» ጋር አይዛመድም፤ በዐረብኛ በፊት ላይ ያለውን ጥቁር ነጥብ ከሚያመለክተው «ሻማህ» ጋርም አይዛመድም፤ «ሻምዳን»ም ከደማስቆ አልመጣም። ዝምድና የሚረጋገጠው በድምፅ ሥርዓት፣ በቃሉ ቅርጽና በትርጉሙ ስፋት ነው። ተማሪ «ሸምዕ»ን፣ «ሰም»ን እና «ሻማ»ን በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፎ ሦስቱን ምልክቶች ራሱ እንዲያገኛቸው ማድረግ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

ሁለተኛው፣ ከዐረብኛ መዋስ ውርደት፣ ለዐረብኛ ማዋስም መመኪያ አለመሆኑ ነው። «ሲራጅ» ራሱ ከኢራን ቋንቋዎች ተነሥቶ በአራማይክ በኩል ወደ ዐረብኛ የገባ ቃል ነው፤ ሆኖም አላህ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በሱረቱል አሕዛብ ብርሃን ሰጪ ሲራጅ ብሎ ገለጻቸው፤ እኛም ልጆቻችንን ሲራጅ እንላቸዋለን። «ቀንዲል» ከላቲን ተነሥቶ በግሪክ በኩል ወደ ዐረብኛ ገባ፤ ግዕዝም ይዞታል። ያው የላቲን ቃል በጣልያንኛ በኩል ዳግም ወደ እኛ መጥቶ በመካኒኮቻችን አፍ የሞተሩ «ካንዴላ» ሆኗል።

ሦስተኛው፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሰው ነው። ደረሳው «ሰምና ሻማ ከየት መጡ?» ሲል፣ ሰም ከዐረብኛው ጋር የጥንት እኅት መሆኑን፣ ሻማ ግን ከዐረብኛ በንግድ የመጣ እንግዳ ሆኖ ቤተኛ የሆነ መሆኑን እንነግረዋለን። ከዚያም ወደ ሱረቱ‐ን‐ኑር መልሰን፣ የአንቀጹን መብራት የያዘው ቃል ከሐበሻ የሄደ መሆኑን ቀደምት ሊቃውንት እንደነገሩን እናስታውሰዋለን። እንዲህ የተማረ ልጅ የዲኑን ቋንቋና የእናቱን ቋንቋ እንደ ባላንጣ አያያቸውም።

ወላሁ አዕለም።